ፋብሪካው ለምን ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ቆመ?

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እናቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። እኛ ቤት ቀኑ የሚቆጠረው በፈረቃ ነበር። ጠዋት ከገባች ቁርሴን የምበላው ጎረቤት ነው። ሌሊት ከገባች ደግሞ ቀን ስለምትተኛ፣ እኔና እህቴ የምንጣላው በሹክሹክታ ነበር።

አሁን የምኖረው ደሴ ነው። ሰሞኑን እሷን ልጠይቅ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባሱ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ዳገት፣ ሐረጎ ላይ፣ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ወረድኩና ቁልቁል ተመለከትኩ። ሜዳው ተዘርግቷል፣ ጣሪያው ያብለጨልጫል፣ ማዶ የጎፍ ተራራ ጭጋጉን እንደ ነጠላ ደርቦ ተቀምጧል። ያኔ አንድ ነገር ከነከነኝ። ደሴ የወሎ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። መሥሪያ ቤቱም፣ ትልቁ ገበያም፣ ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤትም እሷ ጋ ነው። ታዲያ ፋብሪካው ለምን እሷን ትቶ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወረደ?

ማታ የወሎ ልጆች ተሰባስበን በምንወያይበት መድረክ ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። የራሴንም ሐሳብ ጨመርኩበት። ኮምቦልቻ ከፋብሪካው በፊት ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም፣ ከተማ ያደረጋት እሱ ነው አልኩ። በሦስት ቀን ውስጥ 26 ምላሽ መጣ። ብዙ የተማርኩበት ስለሆነ እንዲህ በተራ ላውጋችሁ።

1ኛዋ መላሽ አዲስ አበባ የምትኖር የደሴ ልጅ ናት። ጥያቄውን አልመለሰችም። ሰላምታ አቅርባ ስለ ሐረጎ ቁልቁለት ጻፈች። ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ስትወርድ፣ ከደሴ ሹራብ ለብሳ ተነስታ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቡ ጭኗ ላይ ነበር። ይሄ የሁላችንም ትዝታ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,900 ሜትር በታች። በአንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል መውረድ ማለት ነው።

2ኛው ምላሽ የእኔን ሐሳብ ከመሠረቱ ነቀነቀው። የጻፉት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ልጄ እያሉ፣ በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርገው አረሙኝ። ከፋብሪካው በፊት መንገዱ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአሰብ ያወጣው መንገድ በሚሌና በባቲ አድርጎ ሽቅብ ይመጣና፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ መቀሌና አስመራ ከሚሄደው ጋር ኮምቦልቻ ላይ ይገጥማል። መገጣጠሚያ ባለበት ሾፌር ያድራል። ሾፌር ባደረበት ምግብ ቤት፣ ጎሚስታና ጋራዥ ይከፈታል። እሳቸው እንደሚሉት ከአሰብ የመጣ ሰው በረሃውን ጨርሶ ባቲን ሲያልፍ ነፍሱ ትመለሳለች፣ ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ፊቱን ይታጠባል። በ1977ቱ ድርቅ ከአሰብ እህል ጭነው በዚሁ መንገድ ሲመላለሱ ስንት ሌሊት መሪ ላይ እንዳነጉ ጻፉና፣ ስለዚያ ዓመት ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም ብለው ዘጉት። ማንም አልጠየቃቸውም። ጥሩ አደረግን።

3ኛው ፋብሪካውን የሠራው ጣሊያን ነው፣ ለጦር ካሳ ብሎ፣ ሲል በእርግጠኝነት ጻፈ። 4ኛው ወዲያው ያዘው። ያ የባሕር ዳሩ ጨርቃ ጨርቅ ነው፤ በጣሊያን የጦር ካሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው እሱ ነው። የኮምቦልቻው የደርግ ዘመን ሥራ ነው፣ የ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ። እርማቱ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ሻካራ ነበር። ሳያጣሩ መጻፍ ነውር ነው፣ ልጆች ያነቡታል፣ የሚል ጨመረበት። 5ኛው ራሱ 3ኛው ነው፣ ተመልሶ መጣ። አባቱ ባሕር ዳር ይሠሩ እንደነበርና ሁለቱ እንደተምታቱበት አስረድቶ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ በበኩሌ ይቅርታውን ከእርማቱ እኩል ወደድኩት።

6ኛው የታሪክ መምህር ነው። የሾፌሩን ምላሽ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። መንገዱ የሚገጥምበትና ወደ ደሴ የሚያወጣው በር ኮምቦልቻ በመሆኑ፣ በሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ጣሊያኖችን የገጠመው እዚያው ዳገቱ ላይ ነው። በሩ ሲሰበር ደሴ ወደቀች። ሜዳ ስለሆነም የአውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው፣ ዛሬም ደሴ ለመሄድ የሚበር ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። መምህሩ ነገሩን በአጭሩ ሲያስረው፣ ደሴ ቤቱ ናት፣ ኮምቦልቻ በሩ ናት አለ። ቤትና በር ስለተባለ ሁለት ሰዎች ቅር ተሰኙ፣ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዋናውን መልስ ያገኘሁት 7ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ ነው፣ ተወልዶ ያደገው ደሴ፣ ሆጤ። ነገሩን ከመሬቱ ጀመረ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨምቃ የተቀመጠች ከተማ ናት። አንድ ቤት ለመሥራት ግማሹን መሬት ትቆፍራለህ፣ ግማሹን ትደለድላለህ። ፈትል፣ ሽመና፣ ማቅለሚያና ማጠናቀቂያ በአንድ ግቢ የያዘ ፋብሪካ ግን ረጅም፣ ለጥ ያለ ወለል ይፈልጋል። ጥጡ ከአንድ ጫፍ ገብቶ ጨርቁ በሌላው ጫፍ መውጣት አለበት። ኮምቦልቻ ያለችው ደጋው ወደ አፋር ሲወርድ መሬቱ ተሰንጥቆ በሰጠመበት ስምጥ ውስጥ ነው። ስምጡን ደለል ሞላው፣ ሜዳ ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። ጨርቅ ይታጠባል፣ ይነጣል፣ ይቀለማል፣ እንደገና ይታጠባል። ኮምቦልቻ ቦርከና አላት። ሦስተኛው ጥጥ ነው። በጊዜው ለወሎ ቅርቡ ትልቅ የጥጥ እርሻ የታችኛው አዋሽ ነበር፣ ዱብቲና ተንዳሆ። ሚቸል ኮትስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1950ዎቹ የጀመረው፣ በኋላ ደርግ የወረሰው እርሻ። ከዚያ የተጫነ ጥጥ በሚሌ፣ በባቲ፣ ቀጥ ብሎ ኮምቦልቻ ይገባል። ደሴ ይውጣ ብትል ያንን ሁሉ ጭነት ሐረጎን ማስወጣት አለብህ። ጨርቁ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ቁልቁል ማውረድ።

ይህን ሳነብ ስልኬን ይዤ ለእናቴ ደወልኩላት። የታሰረው ጥጥ ከየት ይመጣ እንደነበር ታስታውሳለች ወይ አልኳት። ከአፋር በኩል ሲመጣ የሙቀቱ ሽታ አብሮት ይመጣል አለችኝ። ሲፈቱት አሸዋ ያራግፍ ነበር።

8ኛው ቦርከና ወደ ሚሌ ወንዝ ይገባል ብሎ ጻፈ። 9ኛዋ የኩታበር ልጅ ናት፣ የጂኦግራፊ መምህርት። እሷ አረመችው። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ይነሳና በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ በሐርቡ አድርጎ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። ሚሌም አዋሽ ይገባል፣ ግን በራሱ መንገድ ከሰሜን በኩል ሄዶ ነው። ከዚያ ስለ አገሯ አንድ ነገር ጨመረች። ከኩታበር ወዲያ የሚዘንበው ዝናብ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ወዲህ የሚዘንበው አዋሽ ገብቶ አፋር ውስጥ ይቀራል። የአንድ ቀን ዝናብ፣ እኩሉ ሱዳንና ግብፅ፣ እኩሉ በረሃ።

መሐንዲሱ ይህን አይቶ ተመለሰ። 10ኛው የእሱ ነው፣ ሦስት መስመር ብቻ። ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ከዚያ በታች ተንዳሆን ያጠጣል። ስለዚህ በፋብሪካው ደጃፍ ያለፈው ውሃ ጥጡን ያበቅላል፣ ጥጡ በባቲ መንገድ ተመልሶ ወደ ፋብሪካው ይመጣል። ይህን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ወንዝ ነው።

ከ11 እስከ 13 ወሬው ስለ ስሙ ሆነ። አንዱ ኮምቦልቻ ማለት ምን ማለት ነው አለ። ኦሮምኛ የሚችል የከሚሴ ልጅ የዛፍ ስም እንደሆነ ነገረን፣ በአማርኛ አጣጥ የምንለው እሾሃማ ቁጥቋጦ። አንዲት እህት ደግሞ ምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ እንዳለ አስታወሰችና፣ አንድ ጊዜ ዕቃዋ በስህተት እዚያ ሄዶ በሁለት ሳምንቱ እንደተመለሰላት አወጋች።

14ኛው ምላሽ ረጅሙ ነው። የጻፈችው ልጅቷ ናት፣ የተናገሩት ግን እናቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሸማኔ ናቸው፣ እዚያው ፋብሪካ። ከእናቴ ጋር እንደሚተዋወቁ ያወቅሁት መጨረሻው ላይ ነው። እሳቸው ስለ መንገድና ስለ ሜዳ ምንም አላሉም። ያወሩት ስለ ሥራው ነው።

ሽመና ክፍል ሰው አይሰማም። ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ሲመታ ጩኸቱ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ በእጅና በከንፈር ይነጋገራሉ። ሁለት ጣት ወደ ላይ ከሆነ ድሩ ተበጥሷል። መዳፍ ወደ ታች ከሆነ ማሽኑን አቁሚው ነው። ጉንጭን በእጅ መደገፍ ሰው ሞቷል፣ ለቅሶ አለ ማለት ነው። ይህ ምልክት ከፋብሪካው ወጥቶ ገበያም ገብቷል። ቅዳሜ ገበያ መሐል ሁለት ሴቶች ከሩቅ በከንፈር ብቻ ሲያወሩ ካያችሁ የእኛ ሰዎች ናቸው አሉ።

እቁቡም በፈረቃ ነበር። ሌሎቹ ተኝተው እነሱ ነቅተው ስለሚያድሩ፣ የሌሊት ፈረቃ ሴቶች የራሳቸው እቁብ ነበራቸው። አራስ ስትኖር ገንፎው በሰርቪስ መውጫ ሰዓት ይደርሳል። ሙስሊሟ ስትጾም ክርስቲያኗ የማፍጠሪያ ደቂቃዋን ማሽኗን ትይዝላታለች። ለፋሲካ ደግሞ ሙስሊሟ ተራዋን ትሰጣታለች። ይህ ትእዛዝ አልነበረም አሉ፣ እንዲያው የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ፈትል ክፍል ክር ሲበጠስ እንዴት እንደሚቀጠል ልጅ ሆኜ እናቴ አሳይታኛለች። ማሽን አልነበረንም፣ በአየር ላይ ነው ያሳየችኝ። በግራ እጇ የሚሽከረከረውን ታቆማለች። በቀኝ እጇ የተበጠሰውን ጫፍ ታነሳለች፣ በትንሿ የብረት ቀለበት ውስጥ ታሾልከዋለች፣ ሽቅብ ስባ ከላይ የሚወርደውን ባዘቶ ታስነካዋለች። ከዚያ ግራ እጇን ትለቃለች። ይሄ ሁሉ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ቤት ስትገባ ቅንድቧ ላይ ነጭ ብናኝ ነበር፣ እህቴ በጣቷ ትለቅምላታለች። እናቴ የሚሽከረከረውን ዘንግ እንዝርት ነው የምትለው። አያቴ በር ላይ ተቀምጣ በጭኗ የምታሾረውንም እንዝርት ነው የምትለው። ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያላት።

ከ15ኛው ጀምሮ ነገሩ ከረረ። አንድ ወንድማችን ይሄ ሁሉ ሙገሳ በቃ አለ። ወንዙን ማን ይጠይቅለት? ከተማው ውስጥ ያሉ የተለያዩ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሊዮሌና ወርቃ ወደሚባሉት ትንንሽ ወንዞች ይለቃሉ፣ ሁለቱም ቦርከና ይገባሉ። ተመራማሪዎች ውሃውን ቀድተው መርምረው ክሮምየምን የመሰለ ከባድ ብረት እንዳገኙበት ጽፈዋል። ጨፋ ላይ ደግሞ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢ ያንን ውሃ ነው የሚያጠጣው። 10ኛው ምላሽ ላይ የተወራው ዑደት የሚያምረው ውሃው ንጹሕ ሲሆን ነው አለ።

16ኛዋ በቁጣ መለሰችለት። እንጀራ የሰጠንን አታጣጥል፣ አንተ ከሩቅ ሆነህ ትናገራለህ አለችው። 17ኛው ሌላ ሰው ነው፣ የእሷን አነጋገር አልወደደም። ጨፋ ዘመድ እንዳለው፣ ላም እንደሞተበት ጻፈ። 18ኛዋ እንደገና እሷ ናት፣ ላሟ በምን እንደሞተች በምን አወቅህ ብላ። እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። እኔ የፋብሪካ ልጅ ነኝ፣ ከዚያ ደመወዝ ነው ያደግኩት፣ 15ኛው ግን እውነቱን ነው አልኩ። ውሃው ፋብሪካውን ወደዚህ ካመጡት ነገሮች አንዱ ነው። ያመጣውን ነገር ማበላሸት ደግሞ ልጆቻችንን ዋጋ ያስከፍላል። እናቴም እንዲሁ ነው የምታስበው፣ ጠይቄያታለሁ።

19ኛውና 20ኛው ከቤትና ከበር ንግግሩ ጋር የተያያዙ ናቸው። ደሴዎችና ኮምቦልቻዎች ስለ ብርድና ሙቀት፣ ስለ ሻይ ቤትና ስለ ልብስ ሰፊ ተከራከሩ። መምህሩ በር ማለቱ ክብር እንጂ ንቀት እንዳልሆነ አስረዳ። በዚያው አለፈ።

21ኛው ላይ ሾፌሩ ተመለሱ። ዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ በሁለት ነጥብ ነው ያስቀመጡት። አንደኛ፣ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ግን በሚሌ በኩል ስለሆነ የባቲ መንገድ አልሞተም። ሁለተኛ፣ ተንዳሆ ጥጡን ትቶ ሸንኮራ አገዳ ሆነ። ግድብና ስኳር ፋብሪካ ተሠራበት። ከዚያ በኋላ ጥጥ ፍለጋ ሩቅ መሄድ መጣ አሉ። መሐንዲሱ 22ኛው ላይ ተስማማና የጎደለውን ሞላ። ሜዳው አለ፣ ውሃውም አለ፣ መንገዱም አለ። ከምክንያቶቹ የተነቀለው ጥጡ ነው።

23ኛው የ2014ቱን ጦርነት አነሳ። ጥቅምት መጨረሻ ከተማዋ ተያዘች፣ ኅዳር መጨረሻ ተለቀቀች፣ በመሐሉ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። 24ኛው ፖለቲካ ሊያደርገው ሞከረ፣ አወያዩ ውይይቱን ሊዘጋው ትንሽ ቀረው። የሸማኔዋ ልጅ ናት ያረጋጋችው። እናቷ ያን ጊዜ የሰጉት ለማሽኑ እንደነበር ነገረችን። እግራቸው እየታመመ ተነስተው በር ድረስ እየሄዱ፣ ከፋብሪካው በኩል ድምፅ አለ ወይ እያሉ መንገደኛ ይጠይቁ ነበር።

25ኛዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ሠርታለች። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ገና ተማሪ ነበረች። የ14ኛውን ምላሽ አንብባ እንዳለቀሰች ጻፈች። እሷ የሠራችበት ቦታ የመስመር ሥራ ነው። አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፣ አንዷ አንገት፣ ሙሉውን ልብስ ማንም አይሰፋም። ጓደኞቿ ከየገጠሩ የመጡ ናቸው፣ አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ በዓመቱ ይበተናሉ። ከ2014 ወዲህ የአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ ገበያ ሲዘጋ ሥራው ቀነሰ። እቁብ ጀምረው ነበር፣ ዕጣው ሳይዳረስ ግማሾቹ አገራቸው ገቡ። እነዚያ እናቶች ሃያና ሠላሳ ዓመት አብረው መቆየታቸው ነው ያስቀናት።

26ኛው የሸማኔዋ ነው፣ በልጃቸው በኩል። ለ25ኛዋ ነው የጻፉት። ልጄ፣ ቤቴ የት እንደሆነ ልጄ ትነግርሻለች፣ እሑድ ቡና አለ፣ በረካውን ሳትጠጪ አትሄጂም አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የእናቴን ስም ጠርተው፣ ፈትል ክፍል የነበረችው እሷ ናት ወይ አሉ። ናት አልኩ።

27ኛው ይኸው የእኔ መልስ ነው። እሑድ ሐረጎን እወርዳለሁ። እናቴን ይዤ ሸማኔዋ ቤት እንሄዳለን። ሾፌሩም ባቲ መንገድ ላይ ነኝና እመጣለሁ ብለዋል። ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዝቻለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው የእጅ ምልክቶቹን ነው፣ አንድ በአንድ፣ ከነትርጉማቸው። እናቴ ከአሁኑ መለማመድ ጀምራለች። ትናንት በቪዲዮ ስንደዋወል ድምፁን አጥፍታ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ አሳየችኝ።